ያላየሁትን ኮከብ አስረከብኩ

ከድሬዳዋ በወጣሁበት ማታ ባለቤቴ ሙሜ ሻንጣዬን በር ላይ አስቀመጠና እጄን ይዞ ወደ ግቢያችን ጀርባ ወሰደኝ። ከድሬው ታይዋን ገበያ የገዛሁት ወፍራም ሹራብ ክንዴ ላይ ነበር። ሙቀቱ እንኳን ሹራብ ነጠላም አያስደርብም። እሱ በሽርጥና በካናቴራ ሆኖ ያየኝና፣ "አቦ፣ ይህን ይዘሽ ስትወጪ ጎረቤት አበደች ነው የሚለው" አለኝ።

ቤታችን መጋላ ሰፈር ነው። የኋላው ግንብ በሰሜን በኩል ነው፤ ከግንቡ ጥቂት ከፍ ብሎ አንድ ኮከብ ይታያል። ያን ያህል ደማቅ አይደለም። ትምህርት ቤት ሳለሁ የሰሜን ኮከብ መሆኑን ተምሬያለሁ። ድሬ ላይ ለሶላት የምንቆመው ፊታችንን ወደዚያው አዙረን ስለሆነ፣ እኛ ቤት ስሙ "የቂብላው ኮከብ" ነው።

"ይኸኛው ከቦታው አይነቃነቅም" አለ ሙሜ በጣቱ እያሳየኝ። "ሌሎቹ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ይህን ግን በሌሊት ፈረቃ ስንት ዓመት አይቼዋለሁ። አንቺ የምትሄጂበት አገር ቀድሞ ይመሻል። መጀመሪያ አንቺ ታዪዋለሽ፣ ከዚያ ለእኔ ታስረክቢኛለሽ።"

ለጣቢያ ሰው ካልሆነ በስተቀር ይህ ጨዋታ ይመስላል። ሙሜ በድሮው ባቡር ጣቢያ የፈረቃ ኃላፊ ነበር። ርክክብ ማለት ምን እንደሆነ ያገባሁት ሰሞን ነው ያስረዳኝ። ወጪውና ገቢው ፈረቃ አብረው በሐዲዱ ዳር ይሄዳሉ፤ የቆመውን ፉርጎ ሁሉ አንድ በአንድ በዓይናቸው ያያሉ፤ ከዚያ ሁለቱም መዝገቡ ላይ ይፈርማሉ። አንድ ጊዜ ዝናብ ነው ብሎ ፉርጎዎቹን ሳያይ የፈረመ ባልደረባውን ለአንድ ዓመት ያህል አላነጋገረውም። እኔ፣ "ምን ጎደለ? ፉርጎዎቹ እንደሆኑ እዚያው ነበሩ" ስለው፣ "እሱ ግን አላያቸውም" አለኝ።

"ለስድስት ወር ብቻ ነው" አልኩት በዚያ ማታ።

"ስድስት ወር ነው" አለ እሱም። ኮከቡን እንጂ እኔን አላየም።

ልጃችን ሐናን አውስትራሊያ፣ ሜልበርን መንታ ወልዳ ለሁለታችንም ቪዛ ነበር ያመለከተችው። የኔ ተፈቀደ፤ የእሱ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ተመለሰ። የታመመው ሳንባው ለአገሩ ሕክምና ሸክም ይሆናል ይላል። ጎረቤት እንግሊዝኛውን ሲያነብለት ሰምቶ፣ "ፉርጎ ነኝ እንዴ የሚመዝኑኝ?" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ማታ ግን እራት አልበላም።

ሜልበርን አውሮፕላን ማረፊያ አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ወጣት ሻንጣዬን ከፈተ። ቁጢ ይዤ ነበር። የሐረርጌን ሰው ልማድ ለማታውቁ፣ የደረቀ የቡና ቅጠል ነው፤ ከወተት ጋር ይፈላል።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የቡና ቅጠል ነው።"

"ምን ታደርጉበታላችሁ?"

"እንጠጣዋለን።"

"ቅጠሉን? ታዲያ ፍሬውን ምን አደረጋችሁት?"

"ፍሬውንማ ለእናንተ ሸጥነው" አልኩት።

ከረጢቱን አንስቶ ቢጫ በርሜል ውስጥ ጣለው። ኮረዳ ሆኜ የተማርኩት እንግሊዝኛ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራልኝ በዚያ ቀን ነው፤ ቁጢዬን ግን አላዳነልኝም።

የመጀመሪያው ማታ መግሪብ ሲደርስ ሐናንን ሰሜን በየት በኩል ነው ብዬ ጠየቅኳት። አሳየችኝ። ወደዚያው ዞሬ ሶላቴን ጀምሬ ልጨርስ ስል ከኋላዬ፣ "እማ፣ ቂብላው በዚህ በኩል ነው" አለችኝ። ለካ እዚህ ቂብላው በምዕራብ በኩል ነው። ድሬ ላይ ሰሜን፣ ቂብላና ኮከቡ አንድ ቦታ ስለሆኑ፣ በዓለም ሁሉ አንድ ቦታ ናቸው ብዬ ስኖር ስልሳ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ስጋጃዬን አዙሬ እንደገና ሰገድኩ። ስህተቴ በዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ከሶላት በኋላ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ ኮከቡ የለም። ደመና ነው አልኩ። የዚህ አገር ሰማይ ጠባዩ አይታወቅም፤ ጠዋት ይጠራል፣ ቀትር ላይ ይዘንባል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ልብስ ከገመድ ላይ ይወስዳል። በሳምንቱ ሙሜ ደወለ።

"አየሽው?" አለኝ። የመጀመሪያ ቃሉ ይሄ ነበር፤ ሰላምታ እንኳን አላስቀደመም።

ሲያስል ሰማሁት። ደመና ነው ብዬ ብነግረው ሌሊቱን ሲያስብ የሚያድር መሰለኝ።

"አየሁት" አልኩ።

"በቦታው ነው?"

"በቦታው ነው።"

"ተረክቤያለሁ" አለ። ድምፁ ወዲያው ቀለለ።

እንዲህ ነው የተጀመረው። የሚቀጥለው ሳምንት እንደማየው እርግጠኛ ነበርኩ። ሳላየው ሲቀር የከተማው መብራት ነው አልኩ፤ ከዚያ ዓይኔ ነው አልኩ። የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄጄ መነጽር ቀየርኩ። ስድስቱ ወር አለፈ። የሐናን ባል ልጆቹ መቆም ሳይጀምሩ ቤቱን ጥሎ ሄደ። እሷ የሽማግሌዎች መኖሪያ ውስጥ የሰው እናቶችን ታጥባለች፤ እኔ እቤት የእሷን ልጆች አጥባለሁ። መቆያ ፈቃድ አመለከትን። ጉዳዩን የያዘችው ጠበቃ፣ "ጉዳይሽ ሳያልቅ ከአገር ከወጣሽ ፋይሉ ይዘጋል፤ መመለስ የለም" አለችኝ።

ለሙሜ፣ "ልምጣ" አልኩት።

"ልጆቹን ለማን አስረክበሽ? ተረካቢ ሳይመጣ ጣቢያ አይለቀቅም" አለኝ።

በየማታው መውጣቴን አልተውኩም። አንድ ቀን አከራያችን፣ ግሪካዊው ሚስተር ስታቭሮስ መጣ። እዚህ አከራይ በየሦስት ወሩ ኢንስፔክሽን እያለ ቤቱን ይፈትሻል፤ ምድጃው መታጠቡን ሳይቀር ያያል። የዚያን ቀን ግን ምድጃውን አላየም። ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

"በአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤት ደውሎልኝ ነበር" አላት ሐናንን። "አንዲት አሮጊት በየማታው ቆማ የመታጠቢያ ቤቴን መስኮት ታያለች ይላል።"

ሐናን የምትገባበት ጠፋት። "እናቴ የምታየው ኮከብ ነው።"

"የትኛውን ኮከብ?"

"የሰሜኑን።"

ወደ አጥሩ ዞር ብሎ ሰማዩን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። "እመቤቴ፣ በዚያ በኩል ራቁቱን የሚታጠብ ሰው እንጂ ኮከብ የለም" አለኝ።

"የእሱን ገላ ለማየት ከድሬዳዋ ድረስ አልመጣሁም" አልኩት።

ሽማግሌው እስኪያስለው ሳቀ። ልጅ ሳለሁ ድሬ ላይ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ግሪኮች ሱቅ እንደነበራቸው ነገርኩት። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ስለ ተወለደበት ደሴት አወራኝ፤ ምድጃውን ሳያይ ሄደ። ጎረቤቱ መጋረጃ ሰቀለ። እኔ ግን፣ በዚያ በኩል ኮከብ የለም ያለኝ ቃል እንደ ቀልድ አላለፈልኝም።

ሐናን እንግሊዝኛዬን እንዳሻሽል ወደ ሰፈሩ ላይብረሪ ወሰደችኝ። እዚያ የነበረችው ሴት ወረቀት ካገላበጠች በኋላ፣ "የእንግሊዝኛው ትምህርት ሞልቷል። ሥነ ፈለክ ግን ቦታ አለው" አለች።

"እንግሊዝኛዋ ትንሽ ነው" አለች ሐናን።

"ከዋክብቱም አይናገሩትም" አለች ሴትዮዋ።

ቅጹ ላይ የመማር ምክንያት የሚል ነበር። ሐናን ምን ልጻፍ አለችኝ። "አንድ ኮከብ ጠፍቶብኛል በይ" አልኳት። ሴትዮዋ አንብባ፣ "የጠፋ ዕቃ ምድር ቤት ነው" አለችና ማኅተሙን መታችበት።

ክፍሉ ውስጥ አሥራ አንድ ነበርን፤ ሁላችንም ጡረተኞች። አስተማሪው ግራሃም ቀድሞ ጂኦግራፊ ያስተምር የነበረ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ትሑት ሰው ነው። ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ልጆቹን መዋያቸው አድርሼ እሄዳለሁ። ግራሃም የጀመረው ከታሪኩ ነው። ግሪኮች ከዋክብቱን ቆጥረው በመጽሐፍ እንደጻፉ፤ መጽሐፉ ወደ ዐረብኛ እንደተተረጎመ፤ የዐረቦቹ ሊቃውንት እንደገና ሰማዩን እየለኩ የግሪኮቹን ስህተት እንዳረሙ፤ ከዚያ ወደ አውሮፓ እንደተሻገረ ነገረን። እኔ በልቤ ይሄ ርክክብ ነው አልኩ። ዐረቦቹ እንደ ሙሜ ነበሩ፤ የተጻፈውን ብቻ አይተው አልፈረሙም፣ ወጥተው ፉርጎውን በዓይናቸው አይተዋል።

አንድ ረቡዕ ስክሪኑ ላይ የከዋክብት ስም አወጣ። "ሪጌል" እያለ ያነባል፣ "አኬርናር" እያለ ያነባል።

እጄን አወጣሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ተናግሬ አላውቅም ነበር። "ሪጅል ነው። በዐረብኛ እግር ማለት ነው። ያኛው ደግሞ አኺር ናህር፤ የወንዝ መጨረሻ።"

"የት ተማርሽው?"

"ቁርዓን ቤት።"

ሌሎቹንም አስነበበኝ፤ ያልኩትን ሁሉ በእርሳስ ጻፈ። ዐረብኛዬ ያን ያህል አይደለም፣ ግማሹን አላወቅኩትም። ግን በዚህ አገር እኔ የተናገርኩትን ሰው ሲጽፍ ያየሁት ያኔ ነው። ወደ ቤት ስሄድ በአውቶቡስ ውስጥ የወንዙን መጨረሻ አስብ ነበር። የኛ የድሬው ወንዝ፣ ደቻቱ፣ መጨረሻው አሸዋ ነው። የእነሱ ወንዝ በኮከብ ያልቃል።

እናቴንም አሰብኳት። ከድሬ አጠገብ ያለችው የዋሂል ገጠር ሴት ነበረች፤ ማንበብ አታውቅም። ተሰብስበው የሚታዩትን ትንንሽ ከዋክብት አይታ ማሽላው የሚዘራበትን ጊዜ ትናገር ነበር። በግራሃም ታሪክ ውስጥ እንደ እሷ ያለ ሰው አልነበረም። ይህን ብነግረው ይጽፈው ነበር። አልነገርኩትም። እናቴ ያንን ሁሉ ለእኔ ለማስረከብ ሞክራለች፤ እኔ ትምህርት ቤት የገባች ልጅ ነኝ ብዬ አልተረከብኳትም።

በስምንተኛው ሳምንት ግራሃም ሉል ይዞ መጣ። ከየት እንደመጣን ጠየቀና በየአገራችን ላይ ቀይ መርፌ ሰካ። የኔን ድሬዳዋ ላይ ሰካ፤ ሌላውን ሜልበርን ላይ። ክፍሉ ሲበተን ወደ ኋላ ቀረሁ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አልኩት። "የሰሜን ኮከብ እዚህ በስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?"

"እዚህ አይወጣም፣ ዘይነባ።"

"በክረምትስ?"

"በክረምትም።"

"ከከተማ ብወጣስ? ተራራ ላይ ብወጣ?"

ሉሉን አነሳ። እርሳሱን በላይኛው ጫፍ ላይ አቆመና፣ "ኮከቡ እዚህ ነው፣ እጅግ ሩቅ" አለ። ጣቴን ይዞ ድሬዳዋ ላይ አሳረፈው። "ከዚህ ይታያል፤ ግን ዝቅ ብሎ።" ልክ ነበር፤ ከግንባችን ጥቂት ከፍ ብሎ። ከዚያ ጣቴን በሉሉ ሆድ ላይ እያስኬደ ወደ ታች አወረደው። ዓይኔን ከጣቴ ጋር ዝቅ አደረግኩ፤ ሜልበርን ስደርስ እርሳሱ አይታየኝም።

"የሚጋርደው ምንድን ነው?" አልኩት። እያየሁት ነው የጠየቅኩት።

"መሬት ናት" አለ።

ከዚያ፣ ሊያጽናናኝ ይመስለኛል፣ ያ ኮከብ ሁልጊዜ የሰሜን ኮከብ እንዳልነበረ ነገረኝ። መሬት እንደሚዞር እንዝርት ቀስ ብላ ስለምትወዛወዝ፣ በፈርዖኖቹ ዘመን ሌላ ኮከብ ነበር በቦታው። ይኸኛውም ቦታውን ይለቃል። ያን ጊዜ ከሜልበርን ይታያል።

"መቼ?"

"ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ።"

"ያን ያህል አንቆይም" አልኩት።

ግራሃም ለምን እንደጠየቅኩት አልጠየቀኝም። መርፌዎቹን ነቅሎ ሉሉን አስቀመጠ።

እንግዲህ እናንተ ድሬ ያላችሁ ፍረዱ። የማይነቃነቅ ነው ብለን የመረጥነው ኮከብ፣ እኔ ባለሁበት ጨርሶ የማይወጣው ነው። የሚወጡትንና የሚገቡትን ብንመርጥ ኖሮ ሁለታችንም እናያቸው ነበር። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር በየሳምንቱ አየሁት፣ በቦታው ነው ብያለሁ። ሳያይ የፈረመን ሰው ዓመት ላላነጋገረ ሰው።

ልነግረው ወሰንኩ። ባዶ እጄን አልነግረውም አልኩና ሁለታችንም የምናየውን ፈለግኩ። ሪጅልን መረጥኩ። በዚህ ወራት ድሬ ላይ ከመግሪብ በኋላ በምሥራቅ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ነጭ፣ ደማቅ። እዚህም ይታያል፣ ያውም በሰሜን በኩል፣ ከጎረቤቱ መታጠቢያ ቤት በላይ። በከዋክብት የተሳለው ሰውዬ ድሬ ላይ እግሩ የሆነው እዚህ ተገልብጦ ከላይ ነው። ለሙሜ የምለውን በወረቀት ጻፍኩት፤ "የመረጥነው ከእኔ ዘንድ አይወጣም። ዋሽቼሃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሌላ እንረካከብ።" ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለት ሳምንት ቦርሳዬ ውስጥ ቆየ፤ በሁለቱም ሳምንት ሳሉ በረታበትና ስልኩን ቶሎ ዘጋን።

ትናንት ማታ ወረቀቱን በእጄ ይዤ ራሴ ደወልኩ። እዚህ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ድሬ ገና ሰባት ሰዓት ተኩል፣ ጠራራ ፀሐይ ነው። ስልኩን ያነሳችው ረምላ ናት፤ የእህቴ ልጅ፣ እሱን የምታስታምመው እሷ ናት።

"አዴ፣ ልደውልልሽ ነበር" አለች። ድምፅዋ ልክ አይደለም።

"ምን ሆነ?"

"ከሰኞ ጀምሮ አይነሳም። ምግብም ትቷል። አብሽሪ፣ አእምሮው ደህና ነው። ያስቸገረን ሌላ ነው፤ አልጋዬን አዙሩ አለ።"

"ወዴት?"

"ወደ ሰሜን ግድግዳ። አዞርንለት። መስኮት ክፈቱልኝ አለ፤ በዚያ በኩል መስኮት የለ። የጣቢያው ጓደኛው፣ ጋሽ ተስፋዬ፣ በዚያ ዕድሜው መዶሻ ይዞ መጥቶ ግድግዳውን በሳው። ከግቢውም ግንብ ሁለት ረድፍ ድንጋይ አነሳለት። አሁን ትራሱ ላይ ሆኖ ኮከቡን ያያል።" አለች። "ሊጠይቅ የሚመጣው ሰው ሁሉ እሱ ወደ ቂብላ መዞሩን ሲያይ፣ ለሞት ተዘጋጀ ብሎ ዱዓ አድርጎ አልቅሶ ይወጣል። እሱ ግን፣ ቂብላውንማ አውቀዋለሁ፣ እኔ የምጠብቀው ርክክብ ነው ይላል።"

ሪጅልን ለማየት አልጋው ከቤት መውጣት ነበረበት። ወይ ደግሞ በምሥራቅ በኩል ሌላ ግድግዳ መፍረስ ነበረበት።

"ስጪኝ" አልኳት።

ስልኩን ጆሮው ላይ ስታደርግለት ትንፋሹ ቀድሞ መጣ።

"ዘይነባ።"

"አቤት።"

"መሸ እናንተ ዘንድ?"

"መሸ።"

"አየሽው?"

ጓሮው ውስጥ ቆሜ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ሪጅል ከአጥሩ በላይ ያበራል። ወረቀቱን አጠፍኩት።

"አየሁት" አልኩ።

"በቦታው ነው?"

"በቦታው ነው፣ ሙሜ።"

"ተረክቤያለሁ" አለ። ከዚያ ትንሽ አርፎ፣ "ልጆቹ ተኙ?" አለኝ።

"ተኝተዋል።"

"ደህና። አንቺም ግቢ፣ ይበርድሻል። ሹራቡን ልበሺ።"

ረምላ ስልኩን መልሳ ወሰደች። ሲመሽ፣ ኮከቡ ሲወጣለት እደውልልሻለሁ አለችኝ።

ግራሃም ያስተማረን ነገር አለ፤ ከዋክብት በቀንም አይጠፉም፣ የፀሐይ ብርሃን ይጋርዳቸዋል እንጂ። ስንነጋገር እሱም አላየውም ነበር ማለት ነው። በእሱ በኩል የጋረደው ብርሃን ነው፤ ማታ ይነሳል። በእኔ በኩል ያለው አይነሳም።

ገብቼ ሹራቡን ለበስኩ። ይህን የምጽፈው ጠዋት ነው። ልጆቹን መዋያቸው አድርሼ ተመልሻለሁ። ድሬ ላይ መሽቶ፣ ኮከቡ ከተነሳው ድንጋይ በላይ ወጥቶ፣ አሁን እኩለ ሌሊት አልፏል። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ረምላ አልደወለችም።